የማያባራው የሥጋ ደዌ ሪአክሽንና የመድኃኒት ሕክምናው፦ ከመርሳ እስከ ቦሩ ሜዳ

የሥጋ ደዌ በጥምር መድኃኒት የሚድን በሽታ መሆኑ ዛሬ በየትኛውም የጤና ተቋም የሚታወቅ ነው። ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት የሚሰጡበት ይህ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን ከተመከረ በኋላ በኢትዮጵያ ከ1983 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የታማሚዎችን ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ ከ10,000 ሰዎች ከአንድ በታች አውርዶታል። ይሁን እንጂ በአገሪቱ አሁንም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ታማሚዎች ይመዘገባሉ። ከእነዚህም አብዛኞቹ በሰውነታቸው ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ የሚገኝባቸው፣ ማለትም መልቲባሲለሪ ተብለው የሚመደቡት ናቸው።

ለእነዚህ ታማሚዎች ችግሩ በባክቴሪያው መሞት አያበቃም። ከሞተው ባክቴሪያ የሚቀረው ቁራጭ ከቆዳና ከነርቭ ውስጥ ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ ዓመታት ያስፈልጉታል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ የሰውነት መከላከያ በቅሪቱ ላይ ሊነሣሣና ከፍተኛ የሰውነት ቁጣ ሊፈጥር ይችላል። ይህ ቁጣ ዓይነት ሁለት ሪአክሽን፣ በሕክምና ስሙም ኤሪቴማ ኖዶሰም ሌፕሮሰም (ኢ.ኤን.ኤል.) ይባላል። ጥምር መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በሚወሰድበት ጊዜ፣ እንዲሁም ከተጠናቀቀ ከዓመታት በኋላ ሊከሠት የሚችል ሲሆን፣ በብዙዎች ላይ እየተመላለሰ ይቆያል። በሕንድ ሃይደራባድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የረጅም ጊዜ ክትትል፣ ኢ.ኤን.ኤል. ከታየባቸው ሰዎች ከግማሽ በላዩ ሥር የሰደደ ዓይነት እንደነበረባቸው አሳይቷል።

ዋናው አስቸጋሪ ነገር እዚህ ላይ ነው። ኢ.ኤን.ኤል. ረጅም በሽታ ሆኖ ሳለ በብዙ ቦታ እንደ አጭር ሕመም ይታከማል። ታማሚው በመጣ ቁጥር ፕሬድኒሶሎን ይታዘዝለታል፤ ይሻለዋል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ያገረሽበታል፤ እንደገና ይታዘዝለታል። ከዓመት በኋላ ሲታይ፣ ስንት ሚሊግራም እንደወሰደ ማንም ሊናገር የማይችልለት፣ ፊቱ ያበጠ፣ አጥንቱ የሳሳ፣ ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ይሆናል። በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ኢ.ኤን.ኤል. ያለባቸው ታማሚዎች ከሌለባቸው ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ ያመለከተ ሲሆን፣ ለዚህም በረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ የሚያስከትለው ጉዳት ትልቅ ድርሻ እንዳለው ታይቷል። በመሆኑም የሕክምናው ጥያቄ «ምን መድኃኒት ይሰጥ?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «በምን ዕቅድ፣ እስከ መቼ፣ በማን ክትትል?» የሚለውም አብሮ ሊመለስ ይገባዋል።

በሀብሩ ቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው መርሳ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳው በምዕራብ ከፍ ካለው ተራራማ አካባቢ ተነሥቶ በምሥራቅ ወደ አፋር ሜዳ እየወረደ የሚሄድ በመሆኑ፣ በውርጌሳ፣ በጊራናና በቆላው ቀበሌዎች ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ትኩሳት ማለት በቅድሚያ ወባ ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ኢ.ኤን.ኤል. የሚደበቀው በዚሁ ውስጥ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከሦስት ዓመት በፊት የሥጋ ደዌ ሕክምናውን ጨርሶ «ድኗል» ተብሎ ከመዝገብ የተሰናበተ አንድ ገበሬ በመከር ወቅት ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ድካም ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል እንበል። የወባ ምርመራው ነፃ ይሆናል። ቀጥሎ የዊዳል ምርመራ ይደረግና በዝቅተኛ መጠን «ፖዘቲቭ» ተብሎ የታይፎይድ መድኃኒት ይጻፍለታል። ታማሚው የቀድሞ በሽታውን አያነሣም፤ ስሙ የሚያስከትለውን መገለል ያውቃልና። ባለሙያውም አይጠይቅም። በዚህ መካከል ነርቩ እየተጎዳ፣ ዓይኑ እየቀላ ሳምንታት ያልፋሉ። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው «ከዚህ ቀደም ለቆዳ ወይም ለነርቭ ሕመም ለወራት የተወሰደ መድኃኒት አለ?» የሚለው አንድ ጥያቄና እጅጌን ገልጦ ክንድን መዳሰስ ነው።

መዳሰስ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሕክምና መጻሕፍት የኢ.ኤን.ኤል. እባጮችን «ቀያይ» ብለው ይገልጿቸዋል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ በግልጽ ስለማይታይ እባጩ ከአካባቢው ቆዳ ጠቆር ብሎ ወይም ምንም የቀለም ለውጥ ሳያሳይ ሊገኝ ይችላል። በጣት ሲዳሰስ ግን ይገኛል፦ ከቆዳ ሥር የተቀበረ፣ ትኩስ፣ ሲነኩት የሚያም ጓል። በፊት፣ በክንድና በጭን ላይ በቡድን ብቅ ብለው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጠፋሉ፤ ሌሎችም በቦታቸው ይተካሉ። አንዳንዶቹ ቆስለው መግል ይይዛሉ። ከእነዚህ ጋር ትኩሳት፣ የእጅና የእግር እብጠት፣ የቅልጥም አጥንት ሕመም፣ የንፍፊት ማበጥ፣ የወንድ ዘር ፍሬ ሕመም፣ የዓይን መቅላትና ብርሃን መፍራት ሊታዩ ይችላሉ። በተለይ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በፍጥነት ካልታከሙ አንዱ መካንነትን፣ ሌላው ዓይነ ስውርነትን ያስከትላል።

ዓይነት ሁለትን ከዓይነት አንድ ሪአክሽን መለየት ግድ ነው። በዓይነት አንድ አዲስ እባጭ አይወጣም፤ ቀድሞ የነበረው የቆዳ ላይ ምልክት ራሱ ያብጣል፣ ይግላል፣ ይቀላል። ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የለበትም፤ ነርቩ ግን በቀናት ውስጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። መነሻው ሕዋሳዊ መከላከያው ባክቴሪያው ወዳለበት ቆዳና ነርቭ መዝመቱ ነው። በዓይነት ሁለት ግን በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የፀረ እንግዳ አካልና የባክቴሪያ ቅሪት ውሑዶች፣ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትና ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋን የመሳሰሉ ቁጣ ቀስቃሽ ኬሚካሎች በመላው ሰውነት ይሳተፋሉ። ስለዚህ አንደኛው የአካባቢ፣ ሁለተኛው የመላው አካል ሕመም ነው። ኢ.ኤን.ኤል. የሚይዘው ሌፕሮማተስና ቦርደርላይን ሌፕሮማተስ የተባሉትን ዓይነቶች ሲሆን፣ የባክቴሪያ ኢንዴክሳቸው 4 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት በይበልጥ ይጋለጣሉ። የቆዳ ስሚር ውጤት በመዝገብ ላይ ተጽፎ ከተገኘ ማን ወደፊት በቅርብ መታየት እንዳለበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታወቃል ማለት ነው።

የክብደት ደረጃን በስሜት ሳይሆን በነጥብ ለመለካት ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች በተደረገ የጋራ ጥናት 10 መመዘኛዎች ያሉት መለኪያ ተዘጋጅቷል። በዚህ መለኪያ 8 ነጥብና ከዚያ በታች ቀላል፣ ከዚያ በላይ ከባድ ተብሎ ይያዛል። መለኪያው በእጅ ባይኖርም ትኩሳት፣ የነርቭ ሕመም ወይም የሥራ መቀነስ፣ የቆሰለ እባጭ፣ የዓይን ወይም የዘር ፍሬ መቆጣት ከታየ ሕመሙ ከባድ ነው ብሎ መነሣት ይገባል።

ፕሬድኒሶሎን፦ መጀመር ቀላል፣ መጨረስ ከባድ

ቀላል ኢ.ኤን.ኤል. በዕረፍትና በአስፕሪን ወይም በሌላ ስቴሮይድ ባልሆነ የቁጣ ማብረጃ ሊታከም ይችላል። አስፕሪን ለአዋቂ 600 ሚሊግራም ከምግብ ጋር በቀን ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ጨጓራውንና ኩላሊቱን መጠየቅ ግን አይዘነጋም። ጥምር መድኃኒት እየወሰደ ያለ ታማሚ በሪአክሽኑ ምክንያት መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ያጠናቀቀው ደግሞ ሪአክሽን ስለታየበት ብቻ እንደገና አይጀምርም። ይህ ሁለተኛው ስሕተት በተደጋጋሚ የሚታይ ነው፤ ሪአክሽን የባክቴሪያው መመለስ ሆኖ ይታሰባልና።

ለከባድ ኢ.ኤን.ኤል. ፕሬድኒሶሎን አሁንም የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በቀን ከ1 ሚሊግራም በኪሎግራም ሳያልፍ በድምሩ ለ12 ሳምንታት እንዲሰጥ ነው። 50 ኪሎግራም ለሚመዝን አዋቂ በ40 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ወደ 30፣ 20፣ 15፣ 10 እና 5 ሚሊግራም ቢወርድ 12 ሳምንት ይሞላል። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ጠዋት ከቁርስ ጋር ይወሰዳል፤ ይህም እንቅልፍን ከማዛባትና የአድሬናል ዕጢን ሥራ ከማፈን አንጻር ይመረጣል። ለዓይነት አንድ ሪአክሽንና ለነርቭ መጎዳት የሚያገለግለው የጊዜ ሰሌዳ ከዚህ ሊረዝም ስለሚችል፣ የትኛው ሪአክሽን እንደሆነ ሳይወሰን ሰሌዳ መምረጥ አይቻልም።

ትኩሳቱና ሕመሙ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይበርዳል። ፈተናው የሚመጣው መጠኑ ወደ 20 ወይም 15 ሚሊግራም ሲወርድ ነው። በዚያ ወቅት እባጮቹ ይመለሳሉ፤ ታማሚውም ባለሙያውም ወደ መጀመሪያው መጠን መመለስን ይመርጣሉ። አንድ ጊዜ ቢሆን አይከፋም። ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ግን ታማሚው ሥር የሰደደ ኢ.ኤን.ኤል. ይዞታል፤ ፕሬድኒሶሎን ብቻውንም ለዚህ ታማሚ በቂ አይደለም ማለት ነው። በጥናቶች የሚሠራበት ትርጉም ይህ ነው፦ ሕክምና ያለ መቋረጥ ወይም ከ28 ቀን ባነሰ ዕረፍት ለ24 ሳምንታትና ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሥር የሰደደ፣ ሕክምና ከቆመ ከ28 ቀን በኋላ እንደገና ከተነሣ ተመላላሽ ይባላል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በታማሚው ካርድ ላይ ቀኑ በትክክል ከተጻፈ በቀላሉ የሚወጡ ናቸው።

ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች ለመርሳ ጤና ጣቢያ ከአቅም በላይ አይደሉም። ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፤ የሽንት ወይም የደም ስኳር ይታያል፤ ሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ይጠየቃል፤ ከተጠረጠረ የአክታ ምርመራ ይደረጋል፤ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ይቀርባል። ለሴት የእርግዝና ሁኔታ ይጣራል። በዚህ ሁሉ መካከል የሚረሳው የአንጀት ትል ነው። ስትሮንጂሎይደስ የተባለው ትል በባዶ እግር በእርጥብ አፈር ላይ በሚሠራ ሰው ቆዳ በኩል ገብቶ ያለ ምልክት ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ስቴሮይድ ሲሰጥ ግን ቁጥሩ ያለገደብ ይበዛል፣ ከአንጀት ወደ ሳንባና ወደ ደም ይሄዳል፣ የአንጀት ባክቴሪያዎችንም ይዞ ስለሚወጣ በደም መመረዝ ይገድላል። አንድ የሰገራ ምርመራ ነፃ መሆኑ ትሉ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሳይጠበቅ በቅድሚያ ማከም ይሻላል፤ አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም በቀን ለሦስት ቀናት፣ አይቨርሜክቲን ከተገኘ ደግሞ እርሱ የበለጠ ውጤታማ ነው። በስቴሮይድ ላይ ያለ ታማሚ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከትና ሳል በአንድነት ከያዘው ይህ በሽታ ከአእምሮ መውጣት የለበትም።

በተመሳሳይ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ታማሚ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። በየቀኑ የሚወሰድ ሪፋምፒሲን ጉበት ፕሬድኒሶሎንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ የመድኃኒቱ ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል፤ በወር አንድ ጊዜ የሚሰጠው የጥምር መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ግን ይህን ያህል ተጽዕኖ የለውም። «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ከማለት በፊት ሌላ ምን እንደሚወስድ መጠየቅ ይገባል። ዳፕሶን ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስን ሊሰባብር ስለሚችል፣ ድካምና መገርጣት ሁሉ የሪአክሽኑ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሄሞግሎቢን ይለካ።

ከሦስት ሳምንት በላይ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው የራሱ አድሬናል ዕጢ ይተኛል። መድኃኒቱ በድንገት ከቆመ፣ ወይም ሰውየው በወባ፣ በሳንባ ምች፣ በአደጋ ወይም በወሊድ ጫና ላይ ከወደቀ፣ ትውከት፣ የደም ግፊት መውረድና የስኳር ማነስ ሊከተሉት ይችላሉ። እንዲህ ያለው ታማሚ ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊግራም በደም ሥር፣ ከጨው ፈሳሽና አስፈላጊ ከሆነ ከግሉኮስ ጋር ወዲያው ሊሰጠው ይገባል። ትኩሳት የያዘው ግን ገና ያልከበደ ከሆነ የዕለት መጠኑ ለጥቂት ቀናት በእጥፍ ይደረጋል። ይህን የሚያውቅ ተረኛ ነርስ ወይም ጤና መኮንን በሌሊት ሕይወት ያተርፋል።

ያለ ትእዛዝ ፕሬድኒሶሎን መግዛት ሌላው የችግሩ ገጽ ነው። ርካሽ ነው፤ ወዲያው ያስታግሳል፤ በመሆኑም ታማሚው ከሐኪም ይልቅ ከመድኃኒት መደብር ጋር ይላመዳል። ሐኪሙ ያዘዘውንና መደብሩ የሸጠውን ደምሮ የሚያይ ሰው የለም። ታማሚውን በመውቀስ የሚገኝ ነገር የለም፤ ሕመሙ ከባድ ነው፣ ማገርሸቱ እውነት ነው፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ሩቅ ነው። ይልቁንም በየቀጠሮው «ከዚህ ሌላ ምን ወስደሃል?» ብሎ ያለ ቁጣ መጠየቅና መልሱን መጻፍ ይጠቅማል።

ክሎፋዚሚንን ቀደም ብሎ ማስገባት

ክሎፋዚሚን በጥምር መድኃኒቱ ውስጥ በቀን 50 ሚሊግራምና በወር 300 ሚሊግራም ይሰጣል። በዚህ መጠን ባክቴሪያውን ሲቃወም፣ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ ቁጣን ያበርዳል። ለሥር ሰደድ ኢ.ኤን.ኤል. የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 100 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ቢበዛ ለ12 ሳምንታት፣ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት፣ በመጨረሻም በቀን አንድ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሳምንታት ነው።

ይህን መድኃኒት ብዙ ባለሙያዎች «አይሠራም» ብለው ይተዉታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውጤቱ ለመታየት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። በከባድ ሕመም ላይ ብቻውን ቢሰጥ እውነትም አይደርስም። ከፕሬድኒሶሎን ጋር በአንድ ቀን ቢጀመር ግን ስቴሮይዱ ወደ 20 ሚሊግራም በሚወርድበትና ማገርሸት በሚጠበቅበት ወቅት ክሎፋዚሚን ሥራውን ጀምሮ ይገኛል። መዘግየቱ የሚጎዳው ከሦስተኛው ማገርሸት በኋላ ሲታወስ ነው። ቆዳን ያጠቁራል፤ ያደርቃል፤ ሆድን ሊያውክ ይችላል። የቆዳው መጥቆር መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚለቅ መሆኑ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ በተለይ ወጣቶችና ሴቶች ያቆሙታል፤ መጥቆሩ ጎረቤት የሚያየው ምልክት ነውና። ለዚህ ምክር የሚጠፋው አምስት ደቂቃ ከመድኃኒቱ ያነሰ ዋጋ የለውም። ለብዙ ወራት ከፍ ባለ መጠን የሚወስድ ሰው የማያቋርጥ የሆድ ሕመም ከያዘው መድኃኒቱ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ መከማቸቱን መጠርጠር ያሻል።

ታሊዶማይድና ሌሎች መድኃኒቶች

ታሊዶማይድ በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1957 ለእንቅልፍ ተብሎ ገበያ ላይ ውሎ፣ በብዙ አገሮች እጅና እግር የሌላቸው ሕፃናት እንዲወለዱ ምክንያት መሆኑ ሲታወቅ በ1961 የተነሣ መድኃኒት ነው። በኢየሩሳሌም የሥጋ ደዌ ሐኪም የነበሩት ያዕቆብ ሼስኪን በሕመም እንቅልፍ ላጡ የኢ.ኤን.ኤል. ታማሚዎች ለማስተኛት ብለው ሲሰጡት ሪአክሽኑ ራሱ በቀናት ውስጥ መብረዱን አስተዋሉ፤ ይህንንም በ1965 አሳተሙ። ዛሬም በትኩሳቱና በቆዳው ላይ ፈጣንና ጠንካራ ውጤት ያለው መድኃኒት መሆኑ አይካድም። በአሜሪካ ለኢ.ኤን.ኤል. የተፈቀደው በ1998 ነው።

ይሁን እንጂ ፅንስ በተፈጠረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተወሰደ አንድ እንክብል እንኳ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በመሆኑም ልትወልድ ለምትችል ሴት የሚታሰበው እጅግ ጥብቅ በሆነ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ከመጀመሩ አራት ሳምንት በፊት፣ በሚወሰድበት ጊዜ ሁሉና ከቆመ በኋላ አራት ሳምንት ሁለት የወሊድ መከላከያ ዘዴዎች፣ በየጊዜው ከሚደረግ የእርግዝና ምርመራ ጋር ያስፈልጋሉ። ወንዱም በዘር ፈሳሹ ውስጥ ስለሚገኝ ኮንዶም መጠቀም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በመደበኛ የመርሐ ግብር ደረጃ እንዲሰጥ ያልደገፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም ነገር አለ፤ መድኃኒቱ ራሱ የእጅና የእግር ነርቭን ይጎዳል፣ ስለዚህ መደንዘዙ የበሽታው ይሁን የመድኃኒቱ ለመለየት ያስቸግራል። ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲሰጥ ደግሞ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድል ይጨምራል። በአለርት የሳይክሎስፖሪን ጥናት በተካሄደበት ጊዜ ታሊዶማይድ በኢትዮጵያ አይገኝም ነበር፤ ሌላ አማራጭ መፈለጉም በከፊል ከዚህ የመነጨ ነው። ከውጭ በዘመድ በኩል የመጣ መድኃኒት የያዘ ታማሚ ሲቀርብ ማሸጊያውን ማንበብ፣ ቤት ውስጥ ማን ሊወስደው እንደሚችልም መጠየቅ ለባለሙያው ግዴታ ነው።

የአለርት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም ሳይክሎስፖሪን ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲሰጥ አዲስ ኢ.ኤን.ኤል. በያዛቸው ታማሚዎች ላይ ማገርሸቱን ያዘገየ መሆኑን አመልክቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለነበር ውጤቱ ተስፋ ሰጪ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ መድኃኒቱም የደም ግፊትንና ኩላሊትን መከታተል ስለሚጠይቅ ከስፔሻሊስት ሆስፒታል ውጭ የሚሰጥ አይደለም። ሜቶትሬክሴትም ከፕሬድኒሶሎን ጋር ተጣምሮ እንዲፈተሽ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ጥናት ተነድፎለታል። ስለ ሜቶትሬክሴት ግን የወልድያም ሆነ የመርሳ ባለሙያ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ነው። በስሕተት በየቀኑ ከተወሰደ የአጥንት መቅኒን አድርቆ ይገድላል። ከከፍተኛ ሆስፒታል ይዞት የተመለሰ ታማሚ ሲታይ የሚወስድበት ቀን በስሙ፣ ለምሳሌ «ማክሰኞ» ተብሎ ተጽፎ መሆኑ ይረጋገጥ።

ለዓይን መቆጣት አትሮፒን 1 በመቶና የስቴሮይድ ጠብታ በዚያው ዕለት ተጀምሮ ወደ ዓይን ሐኪም ይላካል። እርግዝናና ጡት ማጥባት ሪአክሽንንና የነርቭ መጎዳትን እንደሚያነሣሡ ዶክተር ኤልዛቤት ደንከን በአዲስ አበባ ባካሄዱት የዓመታት ክትትል አሳይተዋል። ስለዚህ የቅድመ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክፍል ባለሙያ ከሥጋ ደዌ ክሊኒኩ ጋር መነጋገር ይኖርበታል፤ በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት እናቲቱ ሕፃኑን ለማስከተብ በመጣች ቁጥር እጅና እግሯ ቢታይ የሚጠፋ ጊዜ የለም።

ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታልም ወደ ቤት

ለሰሜን ወሎ ታማሚ የሕክምናው መንገድ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ከቀበሌው ወደ መርሳ፣ ከዚያ ወደ ወልድያ ሆስፒታል፣ ከዚያም ከደሴ አጠገብ ወዳለው በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ወደሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይኬዳል፤ ጉዳዩ ካልተፈታም አለርት አለ። ቦሩ ሜዳ የቆዳ ሌይሽማኒያሲስም የሚታከምበት መሆኑ ለምርመራ ይረዳል፤ በፊት ላይ የተሠራጨ እባጭ ያለው ሰው ሌፕሮማተስ ይሁን ሌይሽማኒያሲስ በዓይን ብቻ ሁልጊዜ አይለይምና።

ከመርሳ ቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ያለባቸው የዓይን፣ የዘር ፍሬ ወይም አዲስ የነርቭ ጉዳት ያለባቸው፣ የቆሰለ እባጭ የያዛቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት፣ እንዲሁም ከሁለተኛው ማገርሸት በኋላ መጠኑን ከ20 ሚሊግራም በታች ማውረድ ያልተቻለላቸው ናቸው። ነርቭ ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከተጎዳ በስቴሮይድ የመመለስ ተስፋ አለው፤ ከዚያ ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የኳስ እስክሪብቶና የባለሙያው እጅ ነው፦ መዳፍንና ውስጥ እግርን በእስክሪብቶ ጫፍ መንካት፣ ትንሿን ጣትና አውራ ጣትን፣ የእግር መዳፍን ወደ ላይ ማንሣትን፣ ዓይን መጨፈንን በኃይል መፈተን። ውጤቱ በየወሩ ካልተጻፈ «ተባብሷል» ወይም «ተሽሎታል» የሚለው ቃል ዋጋ የለውም።

ሆስፒታሉም በተራው ታማሚውን ባዶ እጁን መመለስ የለበትም። ወደ መርሳ በሚመለስበት ወረቀት ላይ የሪአክሽኑ ዓይነት፣ ፕሬድኒሶሎን የተጀመረበት ቀንና መጠን፣ በየትኛው ቀን ወደ ስንት ሚሊግራም እንደሚወርድ፣ ክሎፋዚሚን መጀመር አለመጀመሩ፣ የትል መድኃኒት መሰጠት አለመሰጠቱና ሲያገረሽ የሚደረገው በአማርኛ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። «ፕሬድኒሶሎን ይቀጥል» የሚለው አጭር ትእዛዝ ጤና ጣቢያውን ያለ ካርታ መንገድ ማስያዝ ነው።

ጦርነቱ ይህን ሰንሰለት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አሳይቷል። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ በነበሩበት ወቅት የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል፣ የመድኃኒት አቅርቦትም ተቋርጧል። በስቴሮይድ ላይ ላለ ሰው የአቅርቦት መቋረጥ የሪአክሽን ማገርሸትና የአድሬናል መክሰም በአንድ ቀን ማለት ነው። ስለዚህ በረጅም ጊዜ ሕክምና ላይ ላለ ታማሚ ከቀጠሮው ያለፈ የሁለት ሳምንት ተጨማሪ እንክብል በእጁ ቢኖር፣ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ የቀረውን መጠን ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚያወርድ ተምሮና ተጽፎለት ቢሄድ ይመከራል። ሕክምናው ካበቃ በኋላም የነርቭ ፈተናው ቢያንስ ለአንድ ዓመት በየሦስት ወሩ ይቀጥላል፤ የባክቴሪያ ኢንዴክሱ ከፍተኛ የነበረ ታማሚ ደግሞ ከዚያም በላይ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤቱን በምትጎበኝበት ጊዜ ትኩሳትና እባጭ መኖሩን ጠይቃ ለጤና ጣቢያው ታሳውቃለች።